ብዙ አስኳል ያለው ሕዋስ



ባለፈው ትምህርታችን ሰውነታችን ሕዋስ ከሚባሉ በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ክፍሎች መሠራቱን ተነጋግረን ነበር። እያንዳንዱ ሕዋስ በመሐሉ፣ እንደ እንቁላል፣ አንድ አስኳል አለው ብያችሁም ነበር። ዛሬ ያን ቃሌን ላርም ነው የመጣሁት። ሁሉም እንደዚያ አይደለም።

አንዳንድ ሕዋሶች በመካከላቸው ያለውን ስስ ሽፋን አፍርሰው አንድ ይሆናሉ። ጎረቤታሞች አጥራቸውን አንስተው ግቢያቸውን አንድ እንደሚያደርጉት ማለት ነው። አስኳሎቹ ግን አይጠፉም፤ ሁሉም በዚያው ግቢ ይኖራሉ። የጡንቻችን ክር የሚሠራው እንዲህ ነው። በአንድ ክር ውስጥ በመቶ የሚቆጠር አስኳል ይገኛል። የተቀቀለ ሥጋ ሲቦጨቅ የሚተለተለውም የእነዚህ ክሮች ጥቅል ነው።

ይበልጥ የሚያስገርመው ግን የእንግዴ ልጁ ነው። አንዲት እናት፣ «ልጁ ማሕፀን ውስጥ ሳለ የእናቱን ደም ይጠጣል እንዴ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። አይጠጣም እማማ። የእናትና የልጅ ደም ለየብቻ ነው የሚዞረው። በመካከላቸው ያለውን ሽፋን የሠሩት የተዋሐዱ ሕዋሶች ናቸው። ለየብቻ ቢቆሙ ኖሮ እንደ ድንጋይ ካብ ስንጥቅ ይኖራቸው ነበር። አሁን ግን እንደ ተለሰነ ግድግዳ አንድ ወጥ ነው፤ ምግብና አየር ያሳልፋል፣ አብዛኛው ጀርም ግን መግቢያ ያጣል።

ሕዋሶቹን የሚያዋሕደው ንጥረ ነገር ሲንሲቲን ይባላል። በ2000 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ተመራማሪዎች እንደገለጹት፣ የመጣው ከቫይረስ ነው! ቫይረሱ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በቀደምቶቻችን ዘር ውስጥ ገብቶ ቀረ፤ ሕዋስ ውስጥ የሚገባበትን መሣሪያ ሰውነት ወርሶ ለራሱ ሥራ አዋለው። እኔም መጀመሪያ ሳነበው አላመንኩም።

ይህ ግድግዳ ግን ጠላት አለው። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት የያዘው የእናት ቀይ የደም ሕዋስ እዚያ ላይ ይጣበቃል። ሲከማች ለልጁ የሚያልፈው ምግብ ይቀንሳል፤ ልጁ ከስቶ ይወለዳል፣ እናትየውም ደም ያንሳታል። የከፋው ደግሞ፣ ወባው እንግዴ ልጁ ውስጥ ተሸሽጎ ከጣት በሚወሰደው ደም ላይ ላይታይ ይችላል። በተለይ በመጀመሪያ እርግዝና ይበረታል።

ስለዚህ በቆላ ያላችሁ ነፍሰ ጡሮች በአጎበር ውስጥ ተኙ። ትኩሳት ከተሰማችሁም «የእርግዝና ነው» ብላችሁ አትቀመጡ፤ በዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ማርገዛችሁንም ንገሩ፤ መድኃኒቱ የሚመረጠው ያንን አይቶ ነውና።

አሁን ሥዕሉን ሰሌዳው ላይ እሠራለሁ። የልምድ አዋላጆች ወደ ፊት ቅረቡ፤ እንግዴ ልጁን በእጃችሁ የያዛችሁት እናንተ ናችሁ፣ ስሳሳት ታርሙኛላችሁ።