ስምን ሳይጠይቁ ስለማሳጠርና ስለመለወጥ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ የተለጠፈ።)



ዛሬ የምናገረው ስለ መዋጮ አይደለም። ስለ ስም ነው። «ስም ደግሞ ምን ይወራለታል?» የሚል ይኖራል። እኔም እንደዚያው እል ነበር። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነውና ንግግሬ ቢወላገድ ይቅር በሉኝ። ነገሩ ግን የራሴ ጥፋት ስለሆነ ከእኔው አፍ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።

ጥፋቱ ይህ ነው። የማኅበሩን መዝገብ ከተረከብኩ ጀምሮ ቦታ ለመቆጠብ ብዬ ስም እያሳጠርኩ እጽፍ ነበር። ገብረ የሚለውን «ገ/»፣ ኃይለ የሚለውን «ኃ/»፣ ወልደ የሚለውን «ወ/» እያልኩ። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ በየመሥሪያ ቤቱ የቆየ ልማድ ነው። ታዲያ አንዲት እናታችን አሉ። ሳላስፈቅድ ዳግመኛ ስማቸውን ላነሣ አልፈልግምና አልጠራቸውም። ስማቸው «ወለተ» ብሎ ይጀምራል። እኔ «ወ/» ብዬ ጻፍኩት። አሮጌው መዝገብ ሲያልቅ ጽሕፈቱ የሚያምር አንድ ወጣት እንዲገለብጥልን ሰጠነው። እሱም «ወ/» የሚለውን «ወልደ» ብሎ ዘረዘረው። ምን ያድርግ? ወለተ ማለት የእገሌ ሴት ልጅ ማለት ነው፤ ወልደ ግን ወንድ ልጅ ነው። በአንዲት ጭረት ሴትዮዋን ወንድ አደረግናቸው።

ባለቤታቸው ሲታመሙ አባልነቱ ወደ እሳቸው ተዛውሮ ነበር። ባለቤታቸው ያረፉ ዕለት የቀብር ማስፈጸሚያው ገንዘብ ሊከፈል ሲል ገንዘብ ያዡ «በዚህ ስም ሴት የለችም» አለ። እሱ አላጠፋም፤ የሚጠብቀው የእናንተን ገንዘብ ነው። እኛም ሐዘን ላይ ተቀምጠው ሳለ ሄደን «እርስዎ፣ እርስዎ ለመሆንዎ ሁለት ምስክር ያቅርቡ» አልናቸው። ዐርባ ዓመት አብረናቸው የኖርን ጎረቤቶች! እሳቸውም «ልጄ፣ ባሌን ቀብሬ መጣሁ፤ ስሜን ደግሞ እናንተ ቀበራችሁት» አሉኝ። ገንዘቡ በማግስቱ ተከፈለ። ቃሉ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ወገኖቼ፣ በእኛ አገር ስም ዝም ብሎ መጥሪያ አይደለም። ስም የወላጅ ንግግር ነው። ልጅ ሞቶባት ሌላ የወለደች እናት ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ ትላለች። ስንታየሁ ያለችው ያየችውን መከራ በአንድ ቃል መናገሯ ነው። እኛ ታዲያ ተነሥተን «ስንቱ» ስንለው ንግግሯን ከመሐል አቋረጥናት ማለት ነው። ገብረ ማርያም ማለት የማርያም አገልጋይ ነው። ማርያምን አውጥተን «ገብሬ» ስንለው የማን አገልጋይ እንደሆነ ጠፋ። አብዱልቃድር የተባለውን ሙስሊም ወንድማችንንም «አብዱ» ስንለው እንዲሁ ነው፤ አገልጋይነቱ ቀርቶ ጌታው ተሰረዘ።

እንግዲህ ማቆላመጥን ልከለክል አይደለም። እናት ልጇን፣ ጓደኛ ጓደኛውን አበበን አቤ፣ ሙሉጌታን ሙሌ ቢል ፍቅር ነው። ባለቤቱ ደስ ብሎት «አቤት» ካለ ማን ምን ያገባዋል? እኔ የምለው ሳይጠይቁ ስለሚያደርጉት ነው። ትልቅን ሰው «አያ» ወይም «እትዬ» ሳይሉ፣ ስሙን ቆርጠው፣ በአደባባይ እንደ ልጅ የሚጠሩ አሉ። በአካል ጉድለቱ ወይም በእጅ ሙያው ስም አውጥተው ያንኑ የሚያጸኑበትም አሉ። ሰውየው የሚስቀው ወዶ እንዳይመስላችሁ። ቢቆጣ ስሙ ይብስ እንደሚጸናበት ስለሚያውቅ ነው።

የሴቶቻችን ደግሞ ይብሳል። በብዙ ገጠራችን ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ ሌላ ስም ያወጡላት ነበር። በክብርና በፍቅር ይደረግ እንደነበር አውቃለሁ። ግን «ትወጂዋለሽ ወይ?» ያላት አልነበረም። ዛሬም ቢሆን በመዝገባችን ላይ «የእገሌ ሚስት»፣ «የእገሌ እናት» ተብለው የሰፈሩ አሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ያገባች ሴት የራሷን ስም ይዛ ትኖራለች ይላል። ሕጉ ያልወሰደባትን ስም እኛ ጎረቤቶቿ ለምን እንወስድባታለን?

ወደ አገራችን ስም ልምጣ። ዋግ ኽምራን «ዋግ ህምራ» ብሎ የሚጽፍ ስንት ነው? «ኽ» የምትለዋ ፊደል ለምላሱ ስለከበደችው ይተዋታል። ወረዳችንንም አንዱ ጋዝጊብላ፣ ሌላው ጋዝግብላ እያለ ይጽፈዋል። በኽምጣና ስም የወጣላቸው አባቶችና እናቶችም ለጸሐፊ ጆሮ አልመች ሲል በሌላ ስም ተመዝግበዋል። የእኔ አጎት በንጉሡ ዘመን ትምህርት ቤት ሲገባ መምህሩ «ይኼ ስም አይጻፍም» ብለው ሌላ አወጡለት። ደብተሩ ላይ አንድ ሰው፣ ቤቱ ሌላ ሰው ሆኖ አረጀ። አያቴ እስክትሞት በትምህርት ቤቱ ስም ጠርታው አታውቅም።

«ታላላቆቹስ ስማቸውን ይለውጡ የለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። የእኛው የዋጉ ሰው ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ቴዎድሮስ ካረፉ በኋላ በ1860 ዓ.ም. ሲነግሡ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተባሉ። ዐፄ ቴዎድሮስም ራሳቸው በ1847 ዓ.ም. እስኪነግሡ ድረስ ካሣ ነበሩ። ግን ልዩነቱን ተመልከቱ። እነሱ መርጠው ለወጡ እንጂ ማንም አለወጠባቸውም። ራስህ ስታወልቀውና ሌላ ሲገፍህ አንድ አይደለም።

ተገፍፎ የተወሰደባቸውንም ልንገራችሁ። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ከአገራችን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። እዚያ ሲደርሱ ብዙዎቹ፣ በተለይም ልጆቹ፣ በተቀባዮቹና በአስተማሪዎቹ የዕብራይስጥ ስም ወጣላቸው። እንደ አገሩ ደንብ የቤተሰብ ስም ስለሚጠየቅም የአያት ስም ለቤቱ ሁሉ ሆነ። የሰጧቸው ሰዎች ክፉ አስበው አልነበረም፤ አገሩን እንዲለምዱ ብለው ነበር። ዳሩ ግን ከነዚያ ልጆች መካከል አድገው ሲያስቡት እናታቸው ያወጣችላቸውን ስም መልሰው የያዙ አሉ። በደግ ልብ የተወሰደም ቢሆን የተወሰደ ነው።

ሌላም ላክል። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ሲያሸንፍ የውጭ ጋዜጦች «ቢቂላ» እያሉ ጻፉት። በእነሱ አገር ኋላ የሚጻፈው የቤተሰብ ስም ነዋ! በእኛ ግን ቢቂላ አባቱ ናቸው። ልጁ ሮጦ ስሙን የወሰዱት አባት ሆኑ ማለት ነው። ይህ ያስቃል። የእኛይቱ እናት ነገር ግን አላሳቀም።

ዛሬ ነገሩ የክብር ብቻ አይደለም፤ የእንጀራም ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃን ስም የማግኘት መብት አለው ይላል። ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በመንግሥት መዝገብ ይመዘገባሉ። አሁን ደግሞ የፋይዳ መታወቂያ አለ፤ ሕጉ በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 ነው። በመሬት ደብተሩ ላይ «ገ/»፣ በባንኩ «ገብሬ»፣ በፋይዳው ገብረ ማርያም የሆነ ሰው ሦስት ሰው ሆኖ ይገኛል። ልጁም በትምህርት ቤት በአባቱ ቁልምጫ ተመዝግቦ ከሆነ ውርስ በሚጠየቅበት ቀን ልጅነቱን ማስረዳት ሊኖርበት ነው። ስም በሕግ ይለወጥ ቢባል በፍርድ ቤት አመልክቶ፣ ምክንያት አቅርቦ ነው። እኛ በእስክሪብቶ ጭረት የምናደርገውን ዳኛ እንኳ ሳይጠይቅ አያደርገውም።

ስለዚህ ኮሚቴው ተነጋግሮ የተስማማበትን ላሰማችሁ።

አንደኛ፣ አዲስ መዝገብ ይከፈታል። ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ ለሦስት እሑዶች እያንዳንዱ አባል ራሱ መጥቶ ስሙን በራሱ አፍ ይናገራል። መታወቂያ ያለው ይዞ ይምጣ፤ ፊደሉን ከዚያ ጋር እናስተያያለን።

ሁለተኛ፣ ጭረት ቀርቷል። ስሙ ቢረዝም ሁለት መስመር ይያዝ። ወረቀት ከሰው አይበልጥም።

ሦስተኛ፣ እናቶቻችንና እኅቶቻችን በራሳቸው ስም ከነአባታቸው ይጻፋሉ። የባል ስም ካስፈለገ በጎን ይቀመጣል።

አራተኛ፣ የኽምጣና ስም ያለው እንደሚጠራው ይጻፋል። ጸሐፊው ካልሰማ ደግሞ ይጠይቅ። ሦስቴ መጠየቅ አያሳፍርም፤ አንዴ አሳስቶ መጻፍ ነው የሚያሳፍረው።

አምስተኛ፣ የተጻፈው ለባለቤቱ ጮክ ተብሎ ይነበብለታል። «አዎ፣ እኔ ነኝ» ሲል ብቻ ይፈርማል።

ከመዝገቡ ውጭ ያለውን ግን ኮሚቴ አይወስነውም፤ የእያንዳንዳችን ነው። ሰውን ከማቆላመጣችሁ በፊት «እንዲህ ብልህ ደስ ይልሃል?» በሉ። ልጆቻችሁንም አስተምሩ። አንድ ቃል ናት፤ አትከብድም።

አባቶቻችን ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። ስም ከመቃብር በላይ ነው ይላሉ። መልአክ ያወጣውን፣ ከመቃብር በላይ የሚቀረውን እኔ ለግማሽ መስመር ወረቀት ስል ቆረጥኩት። እናታችንን እቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠይቄአለሁ፤ ዛሬም በእናንተ ፊት እጠይቃለሁ። አዲሱ መዝገብ ሲከፈት በመጀመሪያው መስመር ላይ የሚጻፈው የእሳቸው ስም ነው፤ ሙሉውን። ጠይቄአቸው ፈቅደዋል።



የማኅበሩ ጸሐፊ