በሽታ ዘር ይመርጣልን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ በሰፈራችን «ይህ በሽታ ጥቁር ሰው አይነካም» ሲባል በልጅነቴ ሰምቼአለሁ። ጥቂት ወራት ቈይቶ በአሜሪካ ጥቁሮች ከነጮች ይልቅ እንደሚሞቱ ሲነገር፥ እነዚያው ሰዎች «የጥቁር ደም በሽታ አይችልም» አሉ። ያን ጊዜ ልጅ ስለ ነበርሁ ዝም አልሁ፤ ዛሬ ግን መልስ የሚሆን አንድ ታሪክ አቀርባለሁ።

በፓስፊክ ውቅያኖስ ሳሞአ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። ሕዝቡ አንድ ዘር፥ ቋንቋውም አንድ ሲሆን፥ ምዕራቡን ኒውዚላንድ፥ ምሥራቁን አሜሪካ ይገዙ ነበር። ጥቅምት 28 ቀን 1911 ዓ.ም. ታሉን የተባለች መርከብ ከኦክላንድ ሕሙማን ይዛ አፒያ ወደብ ገባች፤ ሹማምንቱም ተሳፋሪዎቹን ሳያግዱ አወረዱ። በሽታው እንፍሉዌንዛ ነበር፤ እርሱም በዚያው ሰሞን በአዲስ አበባ ብዙ ሰው የጨረሰው፥ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያጠንን የምናስበው የኅዳር በሽታ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ከምዕራብ ሳሞአ ሕዝብ ከአምስቱ አንዱ፥ 8,500 ያህል ሰው አለቀ።

በአሜሪካው ሳሞአስ? ገዥው ጆን ፖየር መርከቦችን በኳራንቲን አገደ፤ የአገሩም ሰዎች ጠረፋቸውን ጠበቁ። በዚያ ወረርሽኝ አንድ ሰው እንኳ አልሞተባቸውም። እርሱ ለጎረቤቱ የሕክምና እርዳታ ልስጥ ቢል፥ የአፒያው አስተዳዳሪ ኮሎኔል ሮበርት ሎጋን ሳይቀበለው ቀረ። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ጥቂት ቈየሁ። የኒውዚላንድ መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ1994 ዓ.ም. ነው።

ደሴቶቹ ከዓለም ርቀው ስለ ኖሩ ሰውነታቸው እንዲህ ያለውን በሽታ አልለመደም ነበር የሚል ይኖራል። ይሁን፤ ግን የሁለቱም ደሴቶች ሰዎች እንዲሁ ርቀው የኖሩ ናቸው። በኒውዚላንድ በራሷም ማዖሪዎች ከነጮቹ ስምንት እጥፍ ያህል ሞተዋል፤ ከሐኪም ርቀው በተጣበበ ቤት ይኖሩ ነበርና።

በአሜሪካም በፈረንጆች 2020 ዓመት ጥቁሮቹ፥ ዕድሜ ለዕድሜ ሲነጻጸሩ፥ የነጮቹን እጥፍ ያህል ሞቱ። «ከቤት አትውጡ» የሚለው ትእዛዝ ሲወጣ፥ አውቶቡስ የሚነዳው፥ የሆስፒታል ወለል የሚጠርገው፥ በሥጋ ፋብሪካ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ የሚሠራው ሰው ግን ማለዳ ተነሥቶ ወደ ሥራው ሄደ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ጥቁሮች ነበሩ።