ነገር ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስለሚያፈስ የማርሽ ዘይት ቱቦ

የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ የጎማ ቱቦ ነው። ነገሩ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ይህ ቱቦ በጊዜው ሳይለወጥ የቀረ እንደ ሆነ፣ ከመኪናው አካላት ሁሉ በጣም ውድ ከሆኑት አንዱን ያጠፋል። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. መከልከላቸው ከተነገረ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ለደመወዝተኛው ከቀድሞው ይልቅ ትርጉም ያለው ነገር ሆኗል። ስለዚህ የናፍጣ ፒካፕ ያላችሁ ሁሉ ጥቂት ጊዜያችሁን እንድትሰጡኝ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ ጉዳዩ የሚመለከተው የትኛውን መኪና እንደ ሆነ እንለይ። ከእግራችሁ ሥር ሦስት ፔዳል፣ ይኸውም ፍሪሲዮን፣ ፍሬንና ነዳጅ መስጫ ያለ እንደ ሆነ፣ ማርሹን የሚለውጠው የነጂው እጅ ነውና እንዲህ ያለው ቱቦ በተለመደው ፒካፕ ላይ አይገኝም። ፍሪሲዮን የሌለው፣ ሁለት ፔዳል ብቻ ያለው እንደ ሆነ ግን ማርሹ በራሱ የሚለወጥ፣ አውቶማቲክ የሚባለው ነው። ይህ ዐይነት ማርሽ በብዛት ወደ ገበያ የወጣው ጄኔራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለ1940 ዓ.ም. በቀረበው ኦልድስሞቢል ላይ ሃይድራማቲክ የተባለውን ማርሽ በገጠመ ጊዜ ነው። በ1989 ደግሞ ዶጅ ባለ 5.9 ሊትሩን የከሚንስ ናፍጣ ሞተር በፒካፖቹ ላይ አውጥቶ፣ ከአውቶማቲክ ማርሽ ጋር አቅርቦታል። ዛሬ በአገራችን መንገዶችም ላይ ሁለት ፔዳል ያላቸው የናፍጣ ፒካፖች ይታያሉ።

በእጅ በሚለወጠው ማርሽ ውስጥ የዘይት ሥራ ጥርሶቹን ማለስለስ ነው። በአውቶማቲኩ ውስጥ ግን ዘይቱ ራሱ ሠራተኛ ነው። የሞተሩን ኀይል ተሸክሞ ወደ ማርሹ የሚያሻግረው እርሱ ነው፤ በውስጥ ያሉትን የፍሪሲዮን ሸራዎች በግፊቱ አጣብቆ የሚይዘው እርሱ ነው፤ ሙቀቱንም ጠርጎ የሚያወጣው እርሱው ነው። ይህን ሁሉ ሲሠራ ስለሚግል፣ ፓምፑ በቱቦ አድርጎ በመኪናው ፊት ወዳለው ማቀዝቀዣ ይልከውና ቀዝቅዞ ይመለሳል። የቱቦው መንገድ አብዛኛው ብረት ነው፤ ነገር ግን ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ራዲያተሩ በቦታው ስለሚቆም፣ በመካከል እንደ ልብ የሚተጣጠፍ ጎማ ይገባበታል። ጎማው ከዓመታት ሙቀት በኋላ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል፤ በተለይ ከብረቱ ጋር በተጣበቀበት ቦታ ማላብ ይጀምራል።

ጠብታውን ንቀን የተውነው እንደ ሆነ ሁለት አደጋ ይከተላል። አንደኛው፣ ዘይቱ ሲያንስ ፓምፑ አየር ይስባል፤ ግፊቱ ይወድቃል፤ ሸራዎቹ እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። ያን ጊዜ የሚለወጠው ቱቦ ሳይሆን መላው ማርሽ ነው። ሁለተኛው ከዚህም የከፋ ነው፤ በጋለ የጭስ ማውጫ ላይ የሚረጭ ዘይት እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ጭነት ይዞ ዳገት በሚወጣ ፒካፕ ውስጥ ቤተ ሰብ ተቀምጦ እንደሚሆን ማሰብ ይበቃል።

ታዲያ ፍሳሹ የዚህ ቱቦ መሆኑ በምን ይታወቃል? ማታ ከመኪናው ሥር ንጹሕ ካርቶን አንጥፉ። የማርሹ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ነው፤ ያረጀ እንደ ሆነ ወደ ቡናማ ይለወጣል። የናፍጣ ሞተር ዘይት ጥቁር ነው፤ የራዲያተር ውሃ ደግሞ ቅባት የለውም። በአንዳንድ መኪና የመሪው ዘይትም ቀይ ስለ ሆነ፣ ቱቦውን በጨርቅ አድርቃችሁ ሞተሩን አስነሡና መጀመሪያ የሚረጥበውን ቦታ ፈልጉ፤ እጃችሁንም ከማራገቢያውና ከቺንጋው አርቁ። የራዲያተሩ ውሃ እንደ ሐምራዊ ወተት ሆኖ ቢገኝ ግን ጥፋቱ የቱቦው አይደለም፤ ዘይትና ውሃ በውስጥ ተቀላቅለዋልና መኪናው ሳይነዳ ለባለሞያ ይታይ።

ዕቃው ሲገዛ በሻንሲው ቁጥር ይፈለግ፤ ከነጫፉ የተሠራው ከሁሉ ይሻላል። በቁራጭ የሚሸጥ ጎማ የተገኘ እንደ ሆነ ለማርሽ ዘይት ማቀዝቀዣ የተሠራ ይሁን፤ ኤስ.ኤ.ኢ. ጄ 1532 የሚለው ምልክት የዚህ መለያ ነው። የውሃ ወይም የነዳጅ ቱቦ ለጊዜው ቢመስልም ለዚህ ዘይትና ለዚህ ሙቀት የተሠራ አይደለም። እንዲሁም ጫፉ ላይ ከበብ ያለ ጉብታ በሌለው ልሙጥ ብረት ላይ ጎማ አስገብቶ በፋሼታ ማሰር፣ ግፊት ሲመጣ እንዲሾልክ መተው ነው። የሚሄደውና የሚመለሰው ቱቦ ዕድሜያቸው አንድ ስለ ሆነ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መለወጥ ብልህነት ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መኪናው በሜዳ ላይ ይቁም፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ወይም ጣውላ ይደገፍ። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ፈጽሞ አትግቡ፤ ጽኑ የብረት መቆሚያ ያስፈልጋል። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ይቆይ፤ የጋለ ዘይት ቆዳ ይልጣልና። ከቱቦው ሥር ሳሕን አኑሩ፤ ቆሻሻ እንዳይገባ መጋጠሚያዎቹን አስቀድማችሁ ጥረጉ። ጫፉ በዳዶ የታሰረ እንደ ሆነ ሁለት ቁልፍ ያዙ፤ አንዱ ከራዲያተሩ የወጣውን ጫፍ ይያዝ፣ ሌላው ዳዶውን ይፍታ። አለዚያ ራዲያተሩ ራሱ ይጠመዘዛል። በሽቦ ቀለበት የተቆለፈ እንደ ሆነ ግን ለእርሱ የተሠራውን መክፈቻ መጠቀም ይገባል እንጂ በካቻቢቴ መታገል አይበጅም። አዲሱ ቱቦ ሳይጠመዘዝ፣ ከጭስ ማውጫውና ከቺንጋው ርቆ ይግባ፤ ትንንሾቹ የጎማ ቀለበቶችም አዲስ ይሁኑ። ቱቦው ተፈትቶ ሳለ ሞተሩን ማስነሣት ክልክል ነው፤ ፓምፑ ዘይቱን በአጭር ጊዜ ውስጥ መሬት ላይ ያፈሰዋል።

የፈሰሰውን ዘይት ለኩ፤ የዚያኑ ያህል፣ በመኪናው መጽሐፍ የተጻፈውን ዐይነት ብቻ ጨምሩ። ቀይ ሁሉ አንድ አይደለም። ከዚያ ሞተሩን አስነሥታችሁ፣ ፍሬን ረግጣችሁ፣ ማርሹን በየቦታው አዘዋውሩና ፍሳሽ መኖሩን ተመልከቱ። የዘይቱ ልክ በአብዛኞቹ መኪናዎች ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱም ሞቆ ይታያል፤ ማርሹ በየትኛው ቦታ ሆኖ እንደሚለካ ግን ከመኪና መኪና ይለያያልና መጽሐፉን ጠይቁ። መለኪያ ዘንግ የሌላቸው አዳዲስ ፒካፖች በተወሰነ ሙቀት ላይ ከሥር በሚከፈት ብሎን ስለሚለኩ፣ ይህን የመጨረሻ ሥራ ለጋራዥ መተው ነውር አይደለም። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ መጋጠሚያዎቹ እንደገና ይታዩ። አሮጌው ዘይት በጀሪካን ተከድኖ ለሚሰበስቡት ይሰጥ እንጂ በቦይ አይፍሰስ፤ ያ ውሃ የሰው ውሃ ነውና።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ብዕር የያዘ እጅ ቁልፍ ቢይዝ ክብሩ አይቀንስም። አባቶቻችን ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት እንዲህ ላለው ጊዜ ነው። ቅጠሉ ዛሬ አንድ ካርቶንና አንድ ቱቦ ነው፤ ነገ ግን ያ ቅጠል እሳቱን አያጠፋም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ካርቶኑን አንጥፉ፤ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዳችሁ በፊትም ተመልከቱት።