የከሸፈ ጥይት አልሞተም
(በራዲዮ ከተሰጡት ንግግሮች)



አንድ የሥራ ባልንጀራዬ አባቱ ባረፉ በዓመቱ ሣጥናቸውን ሲከፍት፣ በነጭ ሻሽ የተጠቀለለ አሮጌ ሽጉጥ ከነጥይቱና ከነፈቃድ ወረቀቱ አገኘ። ይሠራ እንደ ሆነ ለማወቅ ፈልጎ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ወደ አንድ የአፈር ገደል አነጣጠረና ምላጩን ሳበው። ሽጉጡ «ቀጭ» ብሎ ዝም አለ። ወዳጄም ምን ነካው ብሎ አፈሙዙን ወደ ፊቱ መልሶ በቀዳዳው ተመለከተ! ታሪኩን ሊነግረኝ የበቃው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው እንጂ በጥንቃቄው አይደለም።

በቋንቋችን ጥይት ሳይፈነዳ ሲቀር «ከሸፈ» እንላለን፤ ያሰብነው ሳይሳካ ሲቀርም ይህንኑ ቃል እናውለዋለን። ነገር ግን የከሸፈ ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም። የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው።

የወዳጄ ሽጉጥ ናጋን የሚባለው ነው። ቤልጅጋዊው ሊዮን ናጋን የሠራው ሲሆን፣ የሩሲያ መንግሥት በ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለሠራዊቱ ተቀብሎታል። በሚሽከረከረው ማኅደሩ ውስጥ ሰባት ጥይት ይይዛል። ምላጩ ሲሳብ ማኅደሩ ዞሮ አንዱን ጥይት ከአፈሙዙ መሥመር ጋር ያስተካክላል፤ በሞላ ኃይል የሚወረወረው መዶሻም በመርፌው ጫፍ ከቀለሁ ግርጌ ያለችውን ትንሽ መለኮሻ ይመታል። መለኮሻዋ ባሩዱን ታቀጣጥላለች፤ ባሩዱም አረሩን ይገፋል። እንግዲህ ከነዚህ አንዱ ሲጎድል ጥይቱ ይከሽፋል።

የመጀመሪያው ደንብ ትዕግሥት ነው። አንዳንድ ጊዜ መለኮሻዋ ከተመታች በኋላ እሳቱ ዘግይቶ ባሩዱን ይደርስበታል። ስለዚህ አፈሙዙን ሰውና እንስሳ ከሌለበት የአፈር ግድግዳ ሳታነሡ፣ ጣታችሁን ከምላጩ አውጥታችሁ፣ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። በተለይም በእንዲህ ያለ ሽጉጥ ምላጩን ወዲያው ደግሞ መሳብ አደገኛ ነው። ማኅደሩ ስለሚዞር የዘገየው ጥይት ከአፈሙዙ መሥመር ይወጣና፣ በዚያ ቢፈነዳ አረሩ መውጫ አጥቶ ብረቱን ይሰብራል። ድምፁ እንደ ወትሮው ሳይሆን ደከም ብሎ ከተሰማችሁም ፈጽሞ አትተኩሱ። አረሩ በአፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሮ ሊሆን ስለሚችል፣ የሚከተለው ጥይት አፈሙዙን ይተረትረዋል።

ከደቂቃው በኋላ ጥይቱን አውጥታችሁ ግርጌውን ተመልከቱ፤ በመለኮሻዋ ላይ ያለው የመርፌ ምልክት እንደ ጽሑፍ ይነበባል። ምልክቱ ጥልቅና መካከል ላይ ከሆነ ሽጉጡ ሥራውን ሠርቷል፤ ጥፋቱ የጥይቱ ነው። ምልክቱ ደካማ ከሆነ ሞላው ዝሏል፣ ወይም አሮጌ ዘይት እንደ ሰም ደርቆ መዶሻውን ይይዘዋል፣ ወይም የመርፌው ጫፍ ተበልቷል። ምልክቱ ወደ ጎን ከሆነ ማኅደሩን የሚያዞሩና የሚያቆሙ ብረቶች ስላለቁ ጥይቱ ከመሥመሩ አልደረሰም። ምልክት ከናካቴው ከሌለ መርፌው ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ዘወትር የሚከሽፈው ከማኅደሩ በአንዱ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጉድለቱን በዚያ ቀዳዳ ፈልጉት።

በቁጥርም መታለል አይገባም። የናጋን ጥይት 7.62 ሚሊሜትር ይባላል፤ የቶካሬቭ ሽጉጥ ጥይትም እንዲሁ 7.62 ይባላል። ሆኖም ሁለቱ በቀለሃቸው ፈጽሞ የተለያዩ ስለሆኑ አንዱ ለሌላው አይሆንም።

ወዳጄ በኋላ ሽጉጡንና የከሸፈውን ጥይት ወደ አንድ የመሣሪያ ባለሙያ ወሰዳቸው። ባለሙያው ግርጌውን አየና፣ «ሽጉጡ ደኅና ነው፤ ጥይቱን የገደለው ዘይት ነው» አለው። ነገሩ ወዲያው ተገለጠለት፤ አባቱ በየዓመቱ ለመስቀል ሽጉጡን ሲወለውሉ ጥይቶቹንም እየቀቡ በዚያው ሻሽ ይጠቀልሏቸው ነበር። ዘይቱ ቀስ በቀስ ወደ መለኮሻዎቹ ሰርጎ አበላሻቸው። ስለዚህ ጥይት በዘይት አይቀባም፤ ረጥቧል ተብሎም በእሳት አጠገብ ወይም በፀሐይ አይሰጣም።

ወዳጄ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተለወጠ። የአባቱ ትጋት ጥይቱን ባያበላሸው ኖሮ፣ ያን ቀን በአፈሙዙ ሲመለከት ምን ይሆን እንደ ነበር አስቦ ነው። አባት በስሕተት ልጁን አዳነ፤ ሌላው ልጅ ግን ይህን ዕድል ላያገኝ ይችላል።

ስለዚህ ከአባቶቻችሁ ሣጥን እንዲህ ያለ ቅርስ ብታገኙ፣ አትሞክሩት። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላልና፣ አስቀድማችሁ ወደሚመለከተው የፖሊስ ክፍል አስታውቁ። ጥይቱን ከሽጉጡ ለይታችሁ፣ ሁለቱንም ከልጆች እጅ ርቀው በሚቆለፍ ስፍራ አኑሩ። ሞላ መቀየርና መርፌ ማስተካከልም ለባለሙያ ይተው። የዝምታው ምክንያት እስኪታወቅ ድረስ ዝም ያለውን ሽጉጥ ሊተኩስ እንደ ተዘጋጀ ቍጠሩት።