ፖሊስ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ይቁምን?

(በከተማው አዳራሽ ለነዋሪዎችና ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች የተደረገ ንግግር)



 የምናገርበት ጉዳይ በየዕድሩና በየቡና ቤቱ ሲነሣ የሰነበተው ነው፤ ይኸውም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ መሣሪያ የታጠቀ ፖሊስ በቋሚነት ይመደብ የሚለው አሳብ ነው።

ይህን አሳብ ያቀረቡት ወላጆች ያለ ምክንያት አላቀረቡትም። ባለፈው ወር አንዲት እናት ወደ ቢሮዬ መጥተው፣ «ልጄ የምትማረው በከሰዓት ፈረቃ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ፀሐይ ጠልቃለች። ድልድዩ ዘንድ የሚቀመጡ ጎረምሶች ስልኳን ነጠቋት፤ ከዚያ ወዲህ አልማርም ብላ ተቀምጣለች። እርስዎም ልጅ ይኖርዎታል፤ ምን ላድርግ?» ብለው ጠየቁኝ። በዚያን ጊዜ የምመልሰው ቃል አልነበረኝም። ዛሬ የምናገረው በአንድ በኩል ለእርሳቸው መልስ ይሆን ዘንድ ነው።

በአገራችን የታጠቀ ኃይልና ተማሪ በአንድ ግቢ ሲገናኙ ምን እንደ ሆነ ታሪክ ያስተምረናል። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች መሪ የነበረው ጥላሁን ግዛው በተገደለ ማግሥት፣ ተማሪዎች አስከሬኑን ይዘው በተሰበሰቡበት በስድስት ኪሎ ግቢ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ገብተው ተኩስ ተከፈተ፤ የወጣቶች ደም ፈሰሰ። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ካቀረቧቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ በግቢያቸው የሰፈረው የታጠቀ ፖሊስ ወጥቶ በእርሱ ፈንታ መሣሪያ የሌላቸው ሲቪል ዘበኞች ይተኩልን የሚል ነበር። ነገሩ በንግግር ሊያልቅ ሲችል ወደ ብጥብጥ ተለወጠና በከተማው ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ። ይህን የማነሣው የቆየ ቍስል ለመነካካት አይደለም፤ ፖሊሶቻችንም የእኛው ልጆች ናቸው። ሆኖም ጠመንጃ በግቢው ውስጥ ካለ፣ የድንጋይ ውርወራ የነበረው ጠብ የቀብር ሥነ ሥርዓት እንደሚያስከትል አይተናል።

እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በሩን የሚጠብቁት ከአንዲት ዱላ በቀር ሌላ መሣሪያ የሌላቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ዱላይቱም ለውሻ እንጂ ለእኛ አልተነሣችም። ማን እንዳረፈደ፣ የማን አባት እንደ ታመመ፣ ማን ከማን ጋር እንደ ተጣላ ከዲሬክተሩ አስቀድመው ያውቁ ነበር። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን ከጽሕፈት ቤቱ ገንዘብ ጠፋ ተባለና፣ በሒሳብ ትምህርት መካከል ሁለት ፖሊሶች ገብተው ከጎኔ የተቀመጠውን ልጅ ይዘውት ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ገንዘቡ በሌላ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። ልጁ ተለቀቀ፤ ወደ ክፍል ግን አልተመለሰም። በመንገድ ባየነው ጊዜ ፊቱን ያዞርብን ነበር። ፖሊሶቹ አልሰደቡትም፣ አልመቱትም፤ የታዘዙትን ፈጸሙ። ጥፋቱ የትምህርት ቤቱ ነበር፤ መሳቢያዎቹን ሁሉ ሳይፈትሽ ፖሊስ ጠራ። ፖሊስ በየዕለቱ በግቢው ቢኖር ኖሮ ስንት ልጅ እንዲህ ይቀርብን ነበር እያልሁ አስባለሁ።

ሕጋችንም ለልጆች የተለየ መንገድ አበጅቷል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በወንጀል የተጠረጠረ ወጣት ሳይዘገይ በቅርብ ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ደንግጎ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለውን ሕፃን ከወንጀል ኃላፊነት ነፃ አድርጎ፣ ከ9 እስከ 15 ዓመት ላሉት የተለየ ሥርዓት ሠርቷል። ሕገ መንግሥቱም በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት እንዲጠበቁ አዟል።

በውጭ አገር እንዲህ ያለው ምደባ ጠቅሞ የለምን የሚል ይኖራል። በአሜሪካ ልማዱ የተጀመረው እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1950ዎቹ፣ በሚሺጋን ግዛት በፍሊንት ከተማ ነው፤ በ1999 በኮሎምባይን ትምህርት ቤት 13 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ እጅግ ተስፋፋ። ይሁን እንጂ በኮሎምባይንም የተመደበ ፖሊስ ነበረ። በ2018 በፍሎሪዳ በፓርክላንድ 17 ሰዎች ሲገደሉ የትምህርት ቤቱ ፖሊስ ከሕንፃው ውጭ ቆሞ ቀረ። በ2022 በቴክሳስ በዩቫልዴ 376 የፖሊስና የጸጥታ ሰዎች ተሰብስበው ሳለ ገዳዩ እስኪወድቅ 77 ደቂቃ አለፈ፤ 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ሞቱ። ስለዚህ የፖሊስ በግቢ መገኘት ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

በሌላ በኩል፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የከተማው ምክር ቤት በ2021 ፖሊሶቹን ከትምህርት ቤት ለማስወጣት ወስኖ፣ በዚያው ዓመት በጥቅምት መልሶ አስገባቸው፤ ወላጆችና የትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች ስለ ሠጉ ነው። እነዚያን ወላጆች አልነቅፍም። በዚያ አገር የተደረጉ ጥናቶች ፖሊስ ባለበት ትምህርት ቤት አንዳንድ ጠብ እንደሚቀንስ፣ ነገር ግን ከትምህርት የሚታገዱና የሚታሰሩ ልጆች፣ ይልቁንም ጥቁሮች፣ እንደሚበዙ ያሳያሉ።

እንግዲህ ወደ ከተማችን ልመለስ። የዚያች ልጅ ስልክ የተነጠቀው በድልድዩ ዘንድ እንጂ በክፍል ውስጥ አልነበረም። ሐሺሽ የሚሸጠውም ከአጥሩ ውጭ፣ ከኪዮስኮቹ ጀርባ መሆኑን ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ፖሊሱን ግቢ ውስጥ ብናቆመው አደጋው ካለበት ቦታ አራቅነው ማለት ነው።

ስለዚህ የእኔ አሳብ ይህ ነው። ሁለት ፖሊሶች በጧት መግቢያና በማታ መውጫ ሰዓት ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ድልድዩ ይመላለሱ፤ በድልድዩ ላይ የተበላሸው መብራት ይጠገን፤ ይህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ወደ ግቢ የሚገቡት ዲሬክተሩ ሲጠራቸው፣ ወይም የሰው ሕይወት በአደጋ ላይ ሲሆን ብቻ ይሁን፤ የተጠሩበትም ምክንያት በመዝገብ ይጻፍ። ከክፍል ውስጥ ተማሪ ይዞ መውጣት ይቅር፤ ወላጅም በዚያው ቀን ይነገረው። ለቋሚ ፖሊስ የታሰበው ገንዘብ ልጆቹን በስማቸው ለሚያውቅ ጥሩ ዘበኛና ለአንድ አማካሪ መምህር ይዋል።

የፖሊስ አዛዡ ለዚህ የሚበቃ ሰው የለኝም እንዳሉ ሰምቻለሁ። ለቋሚ ምደባ ሰው ከተገኘ፣ ለጧትና ለማታ ሁለት ሰዓት እንዴት እንደሚጠፋ አልገባኝም፤ አዛዡ በዚህ ስላሉ ቢያስረዱን ደስ ይለኛል። እኒያ እናትም ከኋላ ተቀምጠዋልና፣ ከእኔ ይልቅ ለእርሳቸው እንዲመልሱላቸው እለምናለሁ።