ከቀለም በፊት


በሐዋሳ በግቢያችን የቆመው የልጆች ዥዋዥዌ አርጅቶ ስለ ነበር፣ ባለችን ጥቂት ገንዘብ ልናድሰው ተነሣን። ሁላችንም አስቀድመን ያሰብነው ቀለም መግዛት ነበር። ነገር ግን የእግሩን ሥር ቆፍረን ብናይ፣ ብረቱ ከአፈር በታች በዝገት ተበልቶ አገኘነው። ቀብተነው ቢሆን ኖሮ አደጋውን አሳምረን ልጆቻችንን በላዩ ባስቀመጥን ነበር!

ስለዚህ ገንዘቡን ለብየዳና ለሲሚንቶ አዋልነው። መቀመጫውን ከአሮጌ ጎማ ሠራን፤ ከሥሩም አሸዋ ደለደልን። አሮጌ ቀለም መርዛማው እርሳስ (ሊድ) ሊኖርበት ስለሚችል፣ ልጆችን አርቀን፣ አቧራው እንዳይነሣ አርጥበን ፋቅነው። አገራችን በቀለም ውስጥ የሚገባውን እርሳስ የሚገድብ ደንብ ያወጣችው በ2018 እ.ኤ.አ. ነውና።

አዲሱ ቀለም ገና አልተገዛም፤ ልጆቹ ግን መጫወት ጀምረዋል። እናንተም ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት እግሩን ቆፍራችሁ እንድታዩ አደራ እንላለን።