የተጀመረውን እንቋጭ

(በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ አካባቢ ለሚገኙ አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው በየቤታችን ጓዳ፣ በቅርጫትና በከረጢት ተቋጥሮ ስለ ተቀመጠ ፈትል ነው። እናቶቻችን ለጋቢ ብለው የፈተሉት፣ ነገር ግን ሳይሸመን የቀረ ልቃቂት በብዙዎቻችን ቤት አለ። አንዳንዷ እናት ዐርፋለች፤ አንዳንዷ ዓይኗ ደክሟል፤ ፈትሉ ግን ባለበት አለ። ይህን ሥራ ለታሰበለት የቤተ ሰብ አባል መጨረስ ለምን እንደሚገባና እንዴት እንደሚቻል ባጭሩ እንገልጣለን።

አስቀድመን ልቃቂቱ ስንት ድካም እንደ ያዘ እናስብ። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይለያል፤ በደጋን ተነድፎ ይፍታታል፤ አመልማሎ ሆኖ በእንዝርት ይፈተላል። ከዚያ ወዲያ ያለው የሸማኔው ድርሻ ነው፤ ድሩን ወጥሮ ማጉን በመወርወሪያ እያመላለሰ ይሸምነዋል። ጋቢ አራት እጥፍ በመሆኑ ከነጠላ ይልቅ ብዙ ማግ ይበላል። ስለዚህ ለአንድ ጋቢ የሚበቃው ፈትል የብዙ ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም የዓመታት ልፋት ነው። ሆኖም ልቃቂት ሆኖ እስከ ተቀመጠ ድረስ ማንንም አያሞቅም።

ይህ ነገር በእኛ ዘንድ ብቻ ያለ አይደለም። በአሜሪካና በካናዳ እናቶች ቁርጥራጭ ጨርቅ እያጋጠሙ ብርድ ልብስ ይሠራሉ። ይህ ብርድ ልብስ ሦስት ንጣፍ አለው፤ ከላይ የተጋጠመው ጨርቅ፣ በመካከል የሚያሞቀው ሙሌት፣ ከሥር ገበሩ። አያት ስታርፍ የላዩ ጨርቅ ብቻ ተሰፍቶ በሣጥን ውስጥ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ሙሌትና ገበር ጨምራ፣ ሦስቱን በመርፌ አያይዛ ትጨርሰዋለች። እ.ኤ.አ. በ1920 የተቋቋመው የሜኖናይት ሴንትራል ኮሚቴም በጎ ፈቃደኞች የሠሯቸውን እንዲህ ያሉ ብርድ ልብሶች እየሰበሰበ በልዩ ልዩ አገር ላሉ ችግረኞች ሲልክ ኖሯል።

እዚሁ በአዲስ ከተማ የምናውቃቸው አንዲት አረጋዊት እናት ነበሩ። ለበኩር ልጃቸው ጋቢ ብለው ለዓመታት ሲፈትሉ ቆይተው፣ ጥቂት ልቃቂት ሲቀራቸው ዓይናቸው ደከመ። ልጃቸው ሕመምተኛ ነበር፤ ክረምቱም ቀርቦ ነበር። ሴት ልጃቸው፣ «ፈትሉን ሸጠን የፋብሪካ ብርድ ልብስ ብንገዛለትስ?» ስትል ጠየቀችን። ሐሳቧ የሚናቅ አልነበረም፤ ብርድ ልብሱ ወጪው ይቀንሳል፣ በዚያው ቀንም ይገኛል። እኛም፣ «እስቲ አስቀድመን እማማን እንጠይቅ» አልናት። እማማ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ብርድ ልብሱንስ ማንም ይገዛለታል፤ ይህን ግን ከእኔ በቀር የሚሰጠው የለም» አሉ።

ከዚህ በኋላ ጎረቤት ተባበረ። አንዲት እናት የጎደለውን ማግ ፈተሉ፤ ልጆቹ አዋጥተው ድሩን ከድር ተራ ገዙ፤ ሽሮ ሜዳ የሚሠራ ሸማኔ ሸመነው። ጋቢው ሲመጣ ማን እንደሚቋጨው ክርክር ተነሣ። እማማ፣ «ለመቋጨት ጣት እንጂ ዓይን አያሻም» ብለው ጋቢውን በጭናቸው ላይ ዘረጉ፤ ክሩን እየዳሰሱ፣ እየጠመዘዙ በሁለት ቀን ፈጸሙት። ልጃቸውም ያን ክረምት ለብሶት ከረመ።

እንዲህ ለማድረግ የምታስቡ ሁሉ የሚከተለውን ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ልቃቂቱን ፀሐይ አስመቱና ክሩን በጣታችሁ ሳብ አድርጋችሁ ፈትኑ። እርጥበት ያበላሸውንና አይጥ የነካውን ለዩ።

ሁለተኛ፣ የቆየውን ፈትል ለማግ አድርጉት። ድር ተወጥሮ ስለሚሠራበት ጠንካራ ክር ይፈልጋል፤ ዛሬ ብዙ ሸማኔዎች ለድር የፋብሪካ ክር የሚጠቀሙትም ስለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ማጉ ካልበቃ ያንኑ የሚመስል የእጅ ፈትል ጨምሩ። አዲሱ በአንድ ወገን ብቻ እንዳይታይ ሸማኔው ከቆየው ጋር እያፈራረቀ ይሸምነው። የእናታችሁ ክር ወፈር ቀጠን ቢል አትጣሉት፤ የእጃቸው ምልክት ነው።

አራተኛ፣ ከሸማኔው ጋር በርዝመቱና በዋጋው አስቀድማችሁ ተስማሙ። የእጅ ፈትል ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ርዝመቱን ጥቂት አስተርፉ። በሽሮ ሜዳ ካሉት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ሙያቸው በአገራችን ለብዙ ዘመን ሲናቅ ኖሯል፤ ስለዚህ የድካማቸውን ዋጋ አንቀንስባቸው።

አምስተኛ፣ ጋቢው ሳይቋጭ አይታጠብ፤ ጠርዙ ይተረተራል።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች ደግሞ አንድ ቃል አለን። ርዳታ ይዘን ወደ ሰው ቤት ስንገባ ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው፣ «ምን ጎደለ?» ብለን ነው። «ምን ተጀምሮ ቀረ?» ብለን ግን እምብዛም አንጠይቅም። እርግጥ ነው፣ ድንገተኛ አደጋ ሲደርስ ይህ ጥያቄ ይቆያል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እዚሁ መርካቶ፣ ሸማ ተራ በደረሰው ከባድ ቃጠሎ ብዙ ንብረት ወድሟል። እንዲህ ባለው ቀን ተዘጋጅቶ ያለው ብርድ ልብስ ይቅደም፤ ፈትሉ ይቆይ። በአዘቦቱ ቀን ግን አንድ ቤተ ሰብ ከሸማኔ ዋጋ በቀር የጎደለው ነገር ሳይኖር አዲስ ብርድ ልብስ ብናሸክመው፣ የእናቲቱን የዓመታት ድካም ከንቱ እናደርግባታለን። ትንሹን የጎደለ መሙላት ወጪው ከአዲሱ ቢበልጥ እንኳ፣ ሰጪዋ እናቲቱ ራስዋ ሆና ትቀራለች።

ጣቢታ በኢዮጴ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት የሠራችላቸውን ልብስ ነበር። በእጃቸው ሊያሳዩት የቻሉት ተሠርቶ ያለቀ ስለ ነበረ ነው።

እንግዲህ ወደየቤታችን ስንመለስ ቅርጫቱን እናውርድ። እናታችን በሕይወት ካሉ ለማን ብለው እንደ ፈተሉት ዛሬውኑ እንጠይቃቸው፤ ዐርፈው እንደ ሆነ የሚያውቅ ዘመድ እንፈልግ። ነገር ሲያልቅ «ተቋጨ» እንላለን። የእናቶቻችንም ሥራ የታሰበለት ሰው ለብሶት ሳለ ይቋጭ።